የዶን ናቦር የወረቀት ተራራ

ናቦር ኬሳዳ ቁመቱ አጠር፣ ሆዱ ቀደም ያለ ሰው ነው። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ «እኔ የሜክሲኮ መንግሥት ነኝ» ይልና ወዲያው ወደ ጫማው እያየ «ማለቴ፣ ሶሉ ያለቀበት ክፍል» ብሎ ይጨምር ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ በቴክሳስ በኩል ባለች አንዲት ከተማ፣ በሜክሲኮ ቆንስላ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቷል። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰውዬው ጡረታውን ገና እየበላ ነው። የገባው በሾፌርነት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን እስረኛ የሚጎበኘው ሠራተኛ ታመመና «ናቦር፣ አንተ መንገዱን ታውቃለህ፣ እስቲ ሂድ» ተባለ። እንደ ሄደ ቀረ።

የሥራው ስም «የዜጎች ጥበቃ» ይባላል። በሜክሲኮ ተወልዶ በቴክሳስ እስር ቤት የገባ ሰው ሁሉ፣ ሌባም ይሁን ንጹሕ፣ ሰካራምም ይሁን ጨዋ፣ የናቦር ሰው ነው። ይጠይቀዋል፣ ጠበቃ እንዳለው ያጣራል፣ ለእናቱ ይደውላል፣ ከሞተም ሬሳውን ወደ መንደሩ ይሸኛል። ሥልጣኑ ምን ያህል እንደሆነ ራሱ ሲናገር «በር እስከ ማንኳኳት» ይላል። ቁልፍ የለውም፣ ጠበቃ አይደለም፣ ዳኛ ፊት መከራከር አይችልም። ያለው አንድ ቡናማ ኮት ነው። ያንን ለብሶ ሲደርስ አዲስ ዘበኛ ከሆነ የሬሳ ሣጥን ነጋዴ ይመስለዋል፤ ሁለት ጊዜ «ዛሬ የሞተብን የለም» ተብሎ ከበር ተመልሷል። መሄዱ ከንቱ እንዳልሆነ ግን ያውቃል። እስረኛው ሰው እንዳለው ሲታይ ዘበኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ዳኛውም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሥራው ምሥጢር ይኸው ነው።

ለመሄድ ግን በመጀመሪያ ሰውየው መታሰሩ መታወቅ አለበት። የውጭ አገር ሰው ሲታሰር «ለቆንስልህ ይነገር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አዎ» ካለ እስር ቤቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በዚያን ጊዜ ማሳወቂያው የሚመጣው በፋክስ ነበር። ፋክሱ ናቦር ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ይተፋል፤ የእስረኛ ስም፣ ቀጥሎ የፒዛ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ከዋና ከተማ የመጣ የስብሰባ ጥሪ። ፋክስ ከመምጣቱ በፊት ናቦር ዘወትር ዓርብ በሥሩ ላሉት አሥራ አንድ እስር ቤቶች በየተራ እየደወለ «የኛ ሰው አለ?» ይል ነበር። ማሽኑ ሲተከል ልማዱን ተወው። «መሣሪያው እያለ እኔ ለምን ልለፍልፍ» አለ። ይህን አባባሉን ከጊዜ በኋላ ባስታወሰ ቁጥር ጥርሱን ያመው ነበር።

ሌላ ሥራም ነበረው፣ ማንም ያላዘዘው። በየዓመቱ ለገና በቆንስላው አዳራሽ የቤተልሔምን ግርግም የሚሠራው እሱ ነው። እኛ ሜክሲኮዎች በዚህ ነገር ልክ አናውቅም። ሕፃኑና በረቱ ብቻ አይበቁንም፤ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ዳክዬ፣ ገበያ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ የምትጋግር ሴት፣ ከበረቱ ኋላ ደግሞ ተራራ ያስፈልገናል። ተራራው ከተጨማደደ ወረቀት ይሠራል፣ ቀለም ይረጭበታል፣ ከላይ የዛፍ ሽበት ይለብሳል። የናቦር ተራራ በአገሩ የታወቀ ነበር። ፓስፖርት ሊያሳድሱ የመጡ ሰዎች ወረፋቸውን ጥለው ፎቶ ይነሡበታል። ቆንስሎች ይሾማሉ፣ ይሻራሉ፤ ተራራው ግን በየዓመቱ አንድ ክንድ ይጨምራል።

«ዶን ናቦር» ትለው ነበር በመስኮት ሦስት የምትሠራው ኦቲሊያ፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት፣ «ይሄ ነገር እንዲህ ካደገ ለከርሞ እኛ ውጭ ቆመን ነው ማህተም የምንመታው።»

«ቅናት ነው» ይላታል።

«ምን ያስቀናኛል! እርስዎ ለበጎቹ የሚያስቡትን ግማሹን ለኛ ቢያስቡልን ይሄኔ ማሞቂያው ይሠራ ነበር።»

ነገሩ የተበላሸው በዲሴምበር አሥራ አንድ፣ በጓዳሉፔ እመቤታችን ዋዜማ ነው። በማግሥቱ አዳራሹ በሰው ስለሚሞላ ናቦር ግርግሙን በዚያው ከሰዓት መጨረስ ፈልጓል። በረቱ ቆሟል፣ ወንዙ ከመስታወት ተሠርቷል፣ ዳክዬዎቹ ተደርድረዋል። ከግመሎቹ ኋላ ግን አንድ ጫፍ ጎደለውና ወረቀት አለቀበት። ጋዜጣውን ጨርሶታል፣ ያረጁትን ቅጾች ጨርሶታል፣ የኦቲሊያን የምሳ መጠቅለያ ሳይቀር ወስዷል። ዞር ሲል ፋክሱ ላይ የተከመረ ወረቀት አየ። የላይኛው የፒዛ ማስታወቂያ ነበር። ከሥሩ ያለውን አላየም። እፍኝ ሙሉ አነሣ፣ ጨመደደ፣ ሙጫ ቀባ፣ ከግመሎቹ ኋላ ሰካው። ሽበት አለበሰው፤ በረዶ እንዲመስል ደግሞ ብልጭልጭ ነሰነሰበት። ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተራምዶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በራሱ ሥራ ተደሰተ።

ሰኞ ስልክ ተደወለ። ናቦር መቀበያውን በአገጩና በትከሻው መካከል ቆልፎ፣ በሁለት እጁ የአንዲት በግ የተሰበረ ጆሮ እያጣበቀ አነሣው።

«ሃሎ? የሜክሲኮ መንግሥት ነው?»

«ነው እማማ፣ ይናገሩ።»

«ከላ ኖሪያ ነው የምደውለው፣ ከጓናኋቶ። ፌሊሲያና እባላለሁ፣ ሰዉ ዶኛ ቻና ነው የሚለኝ። ልጄ ጠፋብኝ። ፊደንሲዮ አሪያጋ። ጣራ ነው የሚሠራ፣ እናንተ ጋ። እሑድ እሑድ ይደውልልኝ ነበር፣ ይኸው ሁለት እሑድ አለፈ። መጨረሻ የደወለልኝ የኖቬምበር ማብቂያ እሑድ ነው፣ ከሂውስተን። ልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ሊጥ ላይ ነበርኩ። የስልክ ቤቷ ልጅ በድምፅ ማጉያው ‹ዶኛ ቻና፣ ፊደንሲዮ ከሂውስተን ነው!› ስትል መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እጄን ሳልታጠብ ነው የሮጥኩት። ደህና ነኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ታስሮ ይሆን?»

ናቦር ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ነው። የበጓ ጆሮ አልያዝ ብላዋለች። መዝገቡን በክርኑ ገለጠ፤ አሪያጋ የሚባል የለም።

«እማማ» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሕግ አለ። የኛ ሰው ሲታሰር እስር ቤቱ ለኔ ማሳወቅ አለበት። መዝገቤ ላይ ልጅዎ የለም። ስለዚህ አልታሰረም። ልጅዎ እኔ ሳላውቅ አይታሰርም።»

«እውነትዎን ነው?»

«በሜክሲኮ መንግሥት ስም ነው የምነግርዎ። ወጣት ነው፣ አንዷ ይዛው ይሆናል። እናት መርሳት ያለ ነው።»

«እንግዲያው ለሰዉ ልንገር? አልታሰረም ብዬ?»

«ይንገሩ!»

እሷም ነገረች። በዚያው ቀን ላ ኖሪያ ውስጥ ድምፅ ማጉያው የዶኛ ቻና ልጅ አለመታሰሩን መንግሥት እንዳረጋገጠ አወጀ። ናቦር ይህን የሰማው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ሲሰማ ግድግዳውን በግንባሩ መምታት አምሮት ነበር።

ዶኛ ቻና በሚቀጥለው ሰኞም ደወለች፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ናቦር ሁለቴ ያንኑ መለሰላት። በአራተኛው ሰኞ ስልኩ ሲጮህ ኦቲሊያን በዓይኑ ጠቀሳት። «እስር ቤት ሄዷል በያት።»

ኦቲሊያ ፊቷን አኮሳትራ አነሣች። «የሉም እማማ፣ እስር ቤት ሄደዋል።» ትንሽ አዳመጠችና መቀበያውን በእጇ ሸፈነች። «‹ምስኪን፣ እሱ ደግሞ ምን አጠፋ?› እያሉ ነው። ምን ልበል?»

ናቦር እስኪያስለው ሳቀ። ያቺን ቀልድ ለሳምንት በየቡና ቤቱ ሲያወራት ሰነበተ።

በሰብአ ሰገል ነገሥታት በዓል፣ በጃንዋሪ ስድስት፣ ሠራተኛው የበዓሉን ክብ ዳቦ ሲቆርስ ውስጡ የተጋገረችው ትንሽዋ አሻንጉሊት ለናቦር ደረሰችው። አሻንጉሊቷ የደረሰችው ሰው ሕፃኑ ከግርግም በሚነሣበት ቀን፣ በፌብሩዋሪ ሁለት፣ ለሁሉም ታማል፣ በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ የበሰለ ሊጥ፣ ማብላት አለበት። ናቦር ዓይኑን በጨው አጥቦ አሻንጉሊቷን በምላሱ ሥር ደበቃት። ኦቲሊያ ግን ዝም ብሎ ማኘኩን ስታይ ገባት። «ዶን ናቦር፣ እስቲ ‹ጓዳላኻራ› ይበሉ!» አለችው። መናገር አልቻለም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ስለዚህ ፌብሩዋሪ ሁለት፣ ሰኞ ዕለት፣ ናቦር እህቱ አምፓሮ የሠራችውን አንድ ድስት ታማል ተሸክሞ ገባ። ሕፃኑ ተነሣ፣ ተሳመ፣ በሐር ተጠቀለለ፤ ሰዉ የበቆሎ ልጣጩን እየፈታ ይበላ ጀመር። ናቦር ተራራውን ማፍረስ ያዘ። ወረቀቱን አይጥልም፤ ዘርግቶ፣ አስተካክሎ ለከርሞ ያስቀምጠዋል። ከግመሎቹ ኋላ ያለውን ጫፍ ነቅሎ ሲዘረጋ የፒዛ ማስታወቂያ ወጣ። ከእሱ ጋር የተጣበቀውን ሲያላቅቅ የአውራጃ እስር ቤት ማህተም ወጣ። ስም፣ ፊደንሲዮ አሪያጋ። ዕድሜ፣ ሃያ ሦስት። ቆንስሉ እንዲነገረው ይፈልጋል? በሳጥኑ ውስጥ ትልቅ ምልክት ተደርጎ፣ አዎ።

ናቦር የጎረሰውን ታማል መዋጥም መትፋትም አቃተው።

ወደ እስር ቤቱ ደወለ። ጸሐፊዋ ዳርሊን የቆየች ወዳጁ ናት። «አሪያጋ? አለ እንጂ» አለችው። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሊፈርም ነው መሰለኝ። መዳብ ሰርቋል ተብሎ። ምነው፣ አሁን ነው የምትጠይቀው?»

መቀበያውን ገና ሳያስቀምጠው ሌላው ስልክ ጮኸ። ኦቲሊያ አነሣችና ወደ እሱ ዞረች። ሰኞ መሆኑን ሁለቱም ረስተውት ነበር።

«ዶኛ ቻና ናቸው።»

ናቦር ኮቱን እያጠለቀ ነበር። «እስር ቤት ሄዷል በያት» አለ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም።

ቆንስሉ፣ ከዋና ከተማ የመጣው ወጣቱ ኡሩቲያ፣ በር ላይ አገኘው። ነገሩን ሰምቶ ወረቀቱን በሁለት ጣት ያዘው፤ ብልጭልጩ በከረባቱ ላይ ረገፈ።

«ዶን ናቦር፣ ይረጋጉ። ፋክሱ አልደረሰንም ነው የምንለው። ማሽን ነው፣ ይበላሻል። ስንት ጊዜ እነሱ ሳያሳውቁን ቀርተዋል?»

«ብዙ ጊዜ፣ ክቡር ቆንስል።»

«እኮ! አንዷን ለኛ ያድርጓት። ይቺ ወረቀት ደግሞ…» አለና ወደ ቅርጫቱ ተመለከተ።

ናቦር ወረቀቷን ተቀብሎ ኪሱ ከተታትና ወጣ። ለሁለት ሰዓት ያህል የቆንስላውን አሮጌ መኪና እየነዳ ከራሱ ጋር ተሟገተ። አልደረሰንም ቢል ማን ያውቃል? ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው፤ በአንድ እፍኝ ወረቀት ስሙ ይጥፋ? እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል መስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየ። ጺሙ ላይ የታማል ፍርፋሪ፣ ቅንድቡ ላይ የቤተልሔም በረዶ። «የሜክሲኮ መንግሥት» አለ ጮክ ብሎ፣ በዚያ ፊት ላይ።

ፊደንሲዮ በመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ጠበቀው። ቀጭን ልጅ ነው፤ የእስረኛ ልብሱ እጁን ውጦታል። ናቦር በስልኩ ስሙን ሲናገር ልጁ ዘሎ ተነሣና ወደ ኋላው ወደ ዘበኛው ዞሮ በጣቱ አመለከተ፤ ይኸው፣ ይኸው እንደማለት።

«መጡ!» አለ ሲቀመጥ። «ይመጣል ስላቸው እኮ ይስቁብኝ ነበር። እዚህ ‹ክቡር ቆንስል› ነው የሚሉኝ። ምሳ ሲመጣ ‹ክቡር ቆንስል፣ መንግሥትህን ጠብቀህ ትበላለህ ወይስ እንብላልህ?› ይሉኛል። በታሰርኩ በሳምንቴ ሲጠይቁኝ አዎ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ። ሃምሳ ሦስት ቀን። መንገዱ ሩቅ ነው እንዴ?»

«ሁለት ሰዓት ነው» አለ ናቦር።

ልጁ ነገሩን አስረዳ። በኖቬምበር ማብቂያ እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከአንድ መጋዘን የመዳብ ቱቦ ተሰረቀ። ከቱቦው ጥቂቱ እነ ፊደንሲዮ በሚያድሩበት ቤት ተገኘ። አሠሪው በስሙ ጠቆመው። እሱ በዚያ ቀን ሂውስተን ነበር፣ የአጎቱ ልጅ ዘንድ፤ የአጎቱ ልጅ ግን መኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ለምስክርነት አይቀርብም። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ፣ ከፈረምክ አራት ዓመት፣ ካልፈረምክ አሥር፣ አለው።

«‹ማን ይመሰክርልሃል? ሰው የለህም› አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልኩ። ነገ ልፈርም ነው።»

«አትፈርምም!» አለ ናቦር፤ ጩኸቱ ዘበኛውን አስደነገጠ። «አንድ ሰዓት ላይ ለእናትህ ደውለህ ነበር። ከሂውስተን። እናትህ ሊጥ ላይ ነበሩ። በድምፅ ማጉያ ተጠርተው፣ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ…»

ልጁ ፈዞ አየው። «እርስዎ ይሄን በምን አወቁ?»

«ነግረውኛል።»

«እናቴ? መቼ?»

ናቦር ከምላሱ ሥር አሻንጉሊት ያለ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቷን ከኪሱ አወጣና ዘርግቶ መስታወቱ ላይ ለጠፋት።

«በዲሴምበር። ልጅዎ አልታሰረም ብያቸው ነበር፣ በመንግሥት ስም። ይቺ እዚያው ነበረች። የገና ተራራ ሠራሁባት።»

ፊደንሲዮ ስሙን አነበበ። የራሱን ፊርማ አየ፣ የተጣበቀባትን የዛፍ ሽበት አየ። «ይሄ የሚያብለጨልጨውስ?»

«በረዶ ነው።»

ናቦር ልጁ እንዲስቅ ፈለገ፣ ወይም እንዲሰድበው። ልጁ ሁለቱንም አላደረገም። ወረቀቷን ሲያይ ቆየና «ነገ ይመጣሉ?» አለ።

«እመጣለሁ።»

«እንደ መጀመሪያው ጊዜ አይደለም አይደል?»

«አይደለም፣ ልጄ» አለ ናቦር።

በማግሥቱ ጠበቃው ናቦር የነገረውን ይዞ ቀጠሮ እንዲራዘም ጠየቀ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ አሮጊት ናቸው። እስር ቤቱ ፋክሱን እንደላከ የሚያሳየው ማረጋገጫ ፊታቸው ነበር። ሁለት ወር ዝም ያለ ቆንስላ ዛሬ ምን አስነሣው? ብለው ጠየቁ። ናቦር ብድግ አለ። መናገር የሚችለው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ አሁን ተጠይቋል። ቆንስሉ ያዘዘው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀላል፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማያሳፍር። ፊደንሲዮ ከተከሳሽ ወንበር አንገቱን አዙሮ ያየዋል።

«ፋክሱ ደርሶኛል፣ ክብርት ዳኛ» አለ። «አላነበብኩትም። ጨምድጄ የቤተልሔም ተራራ ሠራሁበት።»

አስተርጓሚው አንዴ ቆመ፣ እንደገና ጠየቀው፣ ከዚያ ተረጎመ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱን ወረቀት ውስጥ ደበቀ። ከኋላ የተቀመጡት ፖሊሶች ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«በየትኛው በኩል?» አሉ ዳኛዋ።

«ከግመሎቹ ኋላ ነው፣ ክብርት ዳኛ። በስተግራ።»

አዳራሹ ሳቁን ለቀቀው። ናቦር ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን ግን እንደ ቆመ አለቀሰ። ዳኛዋ ሳቁን በመዶሻ ካስቆሙ በኋላ «ለራሱ ምክንያት የሚፈጥር ሰው ከዚህ የተሻለ ይፈጥር ነበር» አሉና ሠላሳ ቀን ሰጡ።

ናቦር ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጣ ላ ኖሪያ ደወለ። የስልክ ቤቷ ልጅ መቀበያውን አስቀምጣ ወደ ማጉያዋ ስትሄድ በስልኩ ውስጥ ተሰማው። «ዶኛ ቻና! ዶኛ ቻና! የሜክሲኮ መንግሥት ይፈልግዎታል!» ውሻ ጮኸ፣ በር ተንኳኳ፣ የሴት ትንፋሽ ቀረበ።

«አቤት ዶን ናቦር። አገኙት?»

ሁሉንም ነገራት። የበጓን ጆሮ ሳይቀር።

«ታዲያ ገና ሌሊት» አለች፣ «የልጄ ስም ከሕፃኑ ራስጌ ነበራ።»

ናቦር ይህን ምሕረት በሁለት እጁ ሊይዘው ዘለለ። «አዎ እማማ፣ ከራስጌው!»

«በዚህ የምጽናና መሰለህ?» አለች። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አንቱ ትለው ነበር። «ስንት ሰኞ ነው የደወልኩልህ?»

«ስምንት።»

«ትናንትን ቆጥረሃል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«ደግ። አሁን ምን ልላክልህ? ልጄን የሚያወጣ ምን ወረቀት ትፈልጋለህ?»

የስልክ ቤቷ ልጅ ማን መቼ ከየት እንደደወለ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት፤ የዚያ እሑድ ገጽ በፖስታ መጣ። ጠበቃው ደብተሩን ይዞ ከስልክ ድርጅቱ ማስረጃ አወጣ። የሂውስተኑ የመንገድ ስልክ፣ የላ ኖሪያ ቁጥር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ አሥራ አራት ደቂቃ። የስልኩ ማስረጃ ብቻውን ማን እንደተናገረ አይነግርም ሲባል፣ ከላ ኖሪያ ድምፅ ማጉያውን ሰማን ያሉ የስድሳ አንድ ሰዎች ፊርማ ተጨመረ፤ ሠላሳዎቹ የጣት አሻራ ናቸው። በማርች መጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነሣ። ፊደንሲዮ በድልድዩ ወደ አገሩ ሲሻገር ናቦር እስከ መሐል ሸኘው። ልጁ እጁን ጨበጠው፤ «አመሰግናለሁ» አላለም። ናቦርም አልጠበቀም። እሱ ራሱ ከዋና ከተማ የተግሣጽ ደብዳቤ ደረሰው። ኦቲሊያ «ይቺን ይጨምድዷትና ኮረብታ ይሥሩባት» አለችው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ የቆንስላው ቤተልሔም ሜዳ ሆነ። በረት አለ፣ ወንዝ አለ፣ ዳክዬ አለ፣ ተራራ የለም። ሰዎች ሲጠይቁት ናቦር «ተንዶ ነው፣ ሰው አልሞተም» ይላቸዋል። ዓርብ ዓርብም መሣሪያው እያለ፣ አሥራ አንዱ እስር ቤቶች ጋ በየተራ እየደወለ መለፍለፉን እንደገና ጀመረ።

በሚቀጥለው ዲሴምበር ከላ ኖሪያ አንድ ጥቅል መጣለት። ውስጡ በገለባ የተጠቀለለ የሸክላ እረኛ ነበር። በኛ የገና ጨዋታ ላይ መልአኩ ሲጣራ ሌሎቹ ሲሮጡ አልነሣም ብሎ የሚተኛ አንድ ሰነፍ እረኛ አለ፤ እሱ ነው። ተጋድሞ፣ ሆዱን ገልብጦ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሠሪዋ ቡናማ ኮት ቀብታዋለች።

ሰኞ ስልክ ተደወለ።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፣ እማማ።»

«ግርግሙ ላይ እንዳታደርገው። ማሽኑ ላይ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። እሷም ሰኞ ሰኞ መደወሏን አልተወችም። ልጇ ቤት ገብቷል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፤ እሷ ግን ትደውላለች። «ከሥሩ አይተሃል?» ትለዋለች። «አይቻለሁ» ሲላት «ተነሥተህ እይ» ትለዋለች። ናቦር ይነሣል፣ እረኛውን ከፋክሱ ላይ ያነሣል፣ ከሥሩ ያያል።

ጡረታ ሲወጣ እረኛውን ወደ ቤቱ ወሰደው። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን የሰጠቻት ኦቲሊያ ናት።

«ከሥሩ አይተሃል?»

ናቦር ሳቀ። «እማማ፣ እኔ እኮ ጡረታ ወጣሁ። አሁን እስረኛ የለኝም።»

«ያኔም የለኝም ብለኸኝ ነበር» አለች ዶኛ ቻና።

ናቦር መቀበያውን እንደያዘ ተነሣ። እረኛውን አንሥቶ ከሥሩ አየ፤ ባዶ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ «ይቆዩ እማማ» አላትና ስልኩን ዘግቶ ወደ ቆንስላው ደወለ። በእሱ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ አነሣች። ስሟን ሳይጠይቅ፣ የራሱንም ሳይነግራት፣ ዛሬ የመጣውን ሁሉ አንብባ እንደሆነ ጠየቃት።